ለብዙ ትራክ ቀረጻ የትኛው ዲስክ ያዋጣል?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ለአሥራ ሁለቱ መዘምራን አንዳንድ ማይክሮፎን ቆሞላቸዋል፤ ለበገናው ሁለት፣ ለክራሩ ሁለት፣ ለማሲንቆው ሁለት፣ ለሁለቱ ከበሮዎች አራት፣ ለክፍሉ ድባብ ሁለት። በድምሩ 24 ትራክ፣ በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ። ሁለት መዝሙር ያለ እንከን አለቀ። ሦስተኛው ላይ፣ በገና ደርዳሪው ዓይናቸውን ጨፍነው ገና ሲጀምሩ፣ ስክሪኑ ላይ ዲስኩ መከተል እንዳቃተው የሚገልጽ መልእክት ብቅ አለና ቀረጻው ቆመ። እሳቸው አላዩትም። አራት ደቂቃ ያህል ደረደሩ፤ በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር። ላስቆማቸው ድፍረት አጣሁ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልተቀረጸም» አልኳቸው ሲጨርሱ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ያኛው ለእግዚአብሔር ሆነ። አሁን ደግሞ ለእናንተ ልደርድር።»

ያናደደኝ ዲስኩን በዋዜማው ፈትሼው ስለነበር ነው። የፍጥነት መለኪያው ፕሮግራም በሰከንድ 130 ሜጋባይት ይጽፋል ብሎኛል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገኝ ደግሞ 7 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። አሥራ ስምንት እጥፍ ትርፍ ያለው ዲስክ እንዴት ወደቀ? መልሱን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ዲስክ ስገዛ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር መጨረሻ ላይ ነው የማየው።

ሒሳቡ

ድምፅ ከቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ጭነት ነው። በ24 ቢት የተወሰደ አንድ ናሙና 3 ባይት ይይዛል። በ96 ኪሎኸርዝ በየሰከንዱ 96,000 ናሙና ይወሰዳል፤ ስለዚህ አንድ ሞኖ ትራክ በሰከንድ 288,000 ባይት ይጽፋል፣ ከ0.3 ሜጋባይት ትንሽ ያነሰ ማለት ነው። በ24 ሲባዛ 6.9 ሜጋባይት ይመጣል። በሰዓት ወደ 25 ጊጋባይት።

በ48 ኪሎኸርዝ የሚቀርጽ ሰው ይህንን ለሁለት ይክፈለው። በ192 የሚቀርጽ በሁለት ያባዛው። ባለ 32 ቢት ተንሳፋፊ ፋይል የሚጠቀም ደግሞ ሲሶ ይጨምርበት፤ ናሙናው 4 ባይት ይሆናልና። እጅግ ከባድ የሚባለውን ብናስብ እንኳ፣ 64 ትራክ በ192 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት በሰከንድ 37 ሜጋባይት ገደማ ነው። በአንድ ሰዓት 133 ጊጋባይት ያህል ይሞላል፤ ፍጥነቱ ግን ለዛሬ ዲስክ ምንም አይደለም። (በነገራችን ላይ በ192 ቀርጸህ ስጠኝ የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። እቀርጽላቸዋለሁ፤ ልዩነቱን ለይቶ የነገረኝ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።)

እንግዲህ በፍጥነት ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ገበያ ላይ ያለ ማንኛውም ዲስክ ይበቃ ነበር።

የሚዘለው ክንድ

ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ በላዩ ላይ ደግሞ እንደ ሸክላ ማጫወቻ ያለ ክንድ ወዲያና ወዲህ ይላል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞረው ዲስክ አንዱን ዙር በ8.3 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል። የተፈለገው ቦታ ከክንዱ ጫፍ ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዙሩን ግማሽ፣ 4.2 ሚሊሰከንድ ያህል መጠበቅ አለ። ክንዱ ራሱ ወደ ቦታው ለመድረስ 9 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ሲደመር 13 ሚሊሰከንድ፤ ማለትም በአንድ ሰከንድ 75 ጊዜ ያህል ብቻ ቦታ መቀየር ይችላል።

የቀረጻ ሶፍትዌር አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱን ትራክ በየራሱ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው። 24 ፋይል እኩል ሲጻፍ ክንዱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ይውላል፤ ሃያ አራት ጠረጴዛ በአንድ ጊዜ እንደሚጠራው አስተናጋጅ። በአንድ ጉብኝት 64 ኪሎባይት ብቻ የሚያራግፍ ከሆነ፣ በከፋው ሁኔታ በሰከንድ 5 ሜጋባይት አይሞላም። 256 ኪሎባይት ቢያራግፍ ግን ወደ 17 ሜጋባይት ይደርሳል። ያው ዲስክ፣ ያው ክንድ፤ ልዩነቱ በአንድ ጉዞ የሚሸከመው ብዛት ነው። እንደ ሪፐርና ኩቤዝ ያሉ የቀረጻ ሶፍትዌሮች የዲስክ ባፈርን (ድምፁ ወደ ዲስክ ከመሄዱ በፊት የሚጠራቀምበትን ጊዜያዊ ቋት) ከፍ ለማድረግ ቦታ የሚሰጡት ለዚህ ነው። በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት እሱን ይሞክር።

የፍጥነት መለኪያው ፕሮግራም ደግሞ አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ይጽፍና የሚያምር ቁጥር ያሳያል። ክንዱ ሳይዘል ማለት ነው። የኔ 130 የመጣው ከዚያ ነው።

ግን የኔ ዲስክ ጉድ በዚህ አላበቃም።

የቆርቆሮ ክዳን

የቤት ክዳን ያስጠገነ ሰው ያውቀዋል፤ ቆርቆሮ ጠርዙ በጠርዝ ላይ ተደርቦ ነው የሚመታው። መሃል ያለውን አንዱን ለመለወጥ በላዩ የተደረበውን መንቀል፣ አዲሱን ማስገባት፣ ከዚያ የተነቀለውን መልሶ መምታት ግድ ነው። ኤስኤምአር የሚባሉት ሃርድ ዲስኮች መረጃን የሚጽፉት ልክ እንዲህ ነው። መስመሮቹ ስለሚደራረቡ በአንድ ሳህን ላይ ብዙ መረጃ ይገባል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ባዶ ሳሉ ጥሩ ይሠራሉ። ሞልተው፣ አሮጌው ተሰርዞ፣ በቦታው አዲስ መጻፍ ሲጀመር ግን ለአንዲት ትንሽ ፋይል በዙሪያዋ ያለውን ሁሉ አንብበው መልሰው ይጽፋሉ። ዲስኩ ይህንን በትርፍ ሰዓቱ ለማድረግ መጀመሪያ የመጣለትን በሌላ ጥግ ያከማቻል። ትርፍ ሰዓት ካላገኘና ጥጉ ከሞላ ለሰከንዶች ዝም ይላል። የቀረጻ ሶፍትዌር ባፈር ደግሞ ያን ያህል ትዕግሥት የለውም።

የኔ ዲስክ ባለ 2.5 ኢንች ተንቀሳቃሽ ነበር፤ በደቂቃ 5,400 ዙር፣ ኤስኤምአር። ስድስት ወር ያለ ችግር ሠራሁበት። ከዚያ የድሮ ሥራዎችን ሰርዤ ቦታ አስለቀቅሁ፤ በዚያው ቅዳሜ መዘምራኑ መጡ። ሁለት መዝሙር 24 ትራክ በላዩ ሲጎርፍበት ጥጉ ሞላ፤ ሦስተኛው ላይ ጣሪያውን ማፍረስ ጀመረ።

በዚህ ጉዳይ አምራቾቹ ራሳቸው ተወቅሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል፣ ሲጌትና ቶሺባ አንዳንድ ዲስኮቻቸው ኤስኤምአር መሆናቸውን በግልጽ ሳይጽፉ መሸጣቸው ታወቀ፤ ከዚያ በኋላ የትኛው ሞዴል የትኛው እንደሆነ ዝርዝር አወጡ። ስለዚህ ሃርድ ዲስክ የምትገዙ ከሆነ የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ይዛችሁ ዝርዝሩን እዩ፤ መስመሮቹ የማይደራረቡበትን፣ ሲኤምአር የሚለውን ፈልጉ። 1 ቴራባይትና ከዚያ በላይ የሚይዙት ትንንሾቹ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስኮች በአብዛኛው ኤስኤምአር ናቸው። ለፎቶ ማስቀመጫ ምንም አይሉም። ለቀጥታ ቀረጻ አይሆኑም፤ ይህን ስል አላመነታም።

ባለ 3.5 ኢንቹና በደቂቃ 7,200 የሚዞረው ሲኤምአር ዲስክስ? 24 ትራክ በ96 ኪሎኸርዝ ይችላል፤ ለዓመታት ስቱዲዮዎች የኖሩበት እሱ ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛው ጩኸቱ ነው፤ ማይክሮፎኑና ኮምፒውተሩ አንድ ክፍል ውስጥ በሚሆኑበት የቤት ስቱዲዮ፣ በገና በለሆሳስ ሲደረደር የዲስኩ እዝዝታ አብሮ ይገባል። ሁለተኛው ንዝረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ አንድ የሰን ማይክሮሲስተምስ መሐንዲስ በተደረደሩ ዲስኮች ላይ ሲጮህባቸው ምላሻቸው ሲዘገይ በግራፍ አሳይቶ ብዙ ሰው ተገርሞ ነበር። ጩኸት ይህን ካደረገ፣ መድረክ ላይ ከትልቁ የባስ ድምፅ ማጉያ አጠገብ የተቀመጠ ሃርድ ዲስክ ምን እንደሚገጥመው አስቡት።

ኤስኤስዲ፦ የትኛው፣ እስከ ምን

ኤስኤስዲ የሚዞር ሳህንም የሚዘል ክንድም የለውም። ሃርድ ዲስኩ 13 ሚሊሰከንድ የሚፈጅበትን ቦታ ፍለጋ እሱ በ0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይጨርሰዋል። ለብዙ ትራክ ቀረጻ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው «550 ሜጋባይት በሰከንድ» ጌጥ ነው። በሳታ (በቆየው የዲስክ መሰኪያ) የሚገናኝ ተራ ኤስኤስዲ 24 ትራክ በ96 ኪሎኸርዝ ሲጽፍ ከአቅሙ አንድ ከመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚጠቀመው።

ታዲያ ኤንቪኤምኢ የሚባለው፣ ከሳታ በፈጠነ መንገድ የሚገናኘው ኤስኤስዲ ለምን ይገዛል? በፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 የሚሠራው በሰከንድ ወደ 3,500፣ በ4.0 የሚሠራው ወደ 7,000 ሜጋባይት ያነባል። ለቀረጻው ራሱ ልዩነቱን አታዩትም፤ ይህንን በድፍረት እናገራለሁ። ልዩነቱ የሚታየው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ የናሙና ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም አስቀድሞ የተቀረጹ የመሣሪያ ድምፆች ስብስብ ነው፦ ኮንታክት በሚባለው ማጫወቻ ሶፍትዌር ውስጥ ሙሉ ኦርኬስትራ ከፍቶ የሚያቀናብር ሰው፣ እያንዳንዱ ኖታ ትንንሽ ቁራጮችን ከዲስክ እየጠራ ስለሚያጫውት፣ ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ሲሻገር ፕሮጀክቱ የሚከፈትበት ጊዜ በግልጽ ያጥርለታል። ሌላው መገልበጥ ነው፤ ከሌላ ፈጣን ዲስክ ጋር ከሆነ 200 ጊጋባይት ቡና ሳይፈላ ያልቃል። አዲስ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ ውስጡ ተተክሎ ይመጣለታል፤ ስለዚህ ጥያቄው ራሱ አይነሳም።

ድሮ «ሲስተሙ ያለበት ዲስክ ላይ ድምፅ አትቅረጽ» የሚል ሕግ ነበር፤ እኔም ለተማሪዎች አስተምሬዋለሁ። ሕጉ የመጣው ከክንዱ ነው፤ ዊንዶውስ አንድ ነገር ሲፈልግ ክንዱን ከቀረጻው ላይ ይነጥቅ ነበርና። በኤስኤስዲ ላይ ይህ ምክንያት ተኗል። አሁን ድምፁን ለብቻው ዲስክ ላይ የማደርገው ለሥርዓት ነው፤ ሥራውን ነቅሎ ይዞ መሄድ ይቻላል፣ ዊንዶውስ ቢበላሽም ሥራው አብሮ አይጠፋም።

በኤስኤስዲዎች መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ከውስጥ ነው። ርካሾቹ በብዛት ኪውኤልሲ በሚባለው ሕዋስ የተሠሩ ናቸው። እነዚህ በፍጥነት የሚጽፉት ለዚሁ በተመደበች ትንሽ ክፍል ላይ ነው፤ እሷ ስትሞላ ፍጥነቱ ያሽቆለቁላል። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ማለት ነው፤ ውሃ እስካለው ቧንቧው ይንፎለፎላል፣ ሲያልቅ ከመስመሩ በሚመጣው ቀጭን ውሃ መታጠብ ነው። ለምሳሌ ባለ 1 ቴራባይቱ ሳምሰንግ 870 ኪውቪኦ 42 ጊጋባይት ያህል ከጻፈ በኋላ ወደ 80 ሜጋባይት በሰከንድ ይወርዳል። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያስፈራል፤ እኔን አያስፈራኝም። ለ24 ትራክ 7 ነው የምንፈልገው፤ 80 አሥር እጥፍ ነው። የሚያሠቃየው ከቀረጻው በኋላ ሙሉ ዲስክ ለመገልበጥ የተቀመጠን ሰው ነው። ትንሽ ጨምሮ ቲኤልሲ የሚባለውን፣ በአንድ ሕዋስ ከኪውኤልሲ ያነሰ መረጃ የሚይዘውን መግዛት ከተቻለ ግን ይገዛ፤ ሳምሰንግ 870 ኢቪኦ የዚያ ወገን ነው።

«ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል» የሚለውም ወሬ ከሒሳብ ጋር አይስማማም። ለ1 ቴራባይቱ ኪውቪኦ አምራቹ የሰጠው የመጻፍ ዋስትና 360 ቴራባይት ነው፤ ለኢቪኦው 600። በቀን 100 ጊጋባይት የምትጽፉ ብትሆኑ፣ ማለትም በየቀኑ አራት ሰዓት 24 ትራክ በ96 ኪሎኸርዝ፣ የመጀመሪያው አሥር ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው፣ ሁለተኛው ከ16 ዓመት በኋላ ነው ይህን መጠን የሚጨርሰው። ያን ያህል ደንበኛ ያለው ስቱዲዮ ካወቃችሁ እኔም ልቀጠርበት። የሚጠቅመው ጥንቃቄ ሌላ ነው፦ ከአምስት አንዱን እጅ ባዶ አድርጋችሁ ተዉለት። ጥግ ድረስ የሞላ ኤስኤስዲ ይንቀራፈፋል።

ፍላሽ ዲስክና የስልክ ሜሞሪ ካርድ? እነሱም ክንድ የላቸውም፤ ግን በውስጣቸው ያለው ተቆጣጣሪ ደካማ ስለሆነ ብዙ ትንንሽ ጽሑፍ ሲጎርፍባቸው በየመሃሉ ይቆማሉ። ለማመላለሻ እንጂ ለመቅረጫ አልሰጣቸውም። በሁለት ዲስክ ላይ እኩል የሚከፋፍለው ሬይድ 0 ደግሞ ለድምፅ አላስፈላጊ ነው፤ አንዱ ሲሞት ሁለቱም ይሞታሉ።

ኬብሉ

አንድ ወዳጄ ውድ የሆነ ተንቀሳቃሽ ኤስኤስዲ ገዝቶ «ከሃርድ ዲስኬ አይሻልም» ብሎ ደወለልኝ። ሄጄ ለካሁት፤ 38 ሜጋባይት በሰከንድ። ቁጥሩን እንዳየሁ ዓይኔ ወደ ኬብሉ ሄደ። ከስልክ ቻርጀር የመጣ ነጭ ኬብል ነበር። ሁለቱም ጫፉ ያው ሞላላው ዩኤስቢ ሲ ነው፤ ውስጡ ግን ዩኤስቢ 2.0 ነው። ዩኤስቢ 2.0 በወረቀት 480 ሜጋቢት ቢልም በተግባር ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት በሰከንድ ነው የሚያሳልፈው። ከካርቶኑ ውስጥ ሳይፈታ የተቀመጠውን አጭር ኬብል አውጥተን ሰካነው፤ ከ500 በላይ ወጣ።

የጫፉ ቅርጽ ስለ ፍጥነቱ አይናገርም፤ መለካት ብቻ ነው የሚያዋጣው። መለኪያው 35 እና 40 አካባቢ ካሳየ ወይ ኬብሉ ወይ መሰኪያው 2.0 ነው፤ ዲስኩን አትውቀሱ። ሁለተኛ ነገር፦ የድምፅ ካርዱንና ዲስኩን በአንድ ርካሽ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ አትስኩ። ለየብቻቸው ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩ።

ዲስክ የማይፈታው ችግር

በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ የዘፋኙ ድምፅ የሚዘገየው በዲስክ ምክንያት አይደለም፤ የድምፅ ካርዱ ባፈርና አንቀሳቃሽ ሶፍትዌሩ ናቸው። አሥራ አምስት የማሚቶ ፕለጊን ተከፍቶ ድምፁ የሚንጫጫው አንጎለ ኮምፒውተሩ ስለደከመ ነው። አንዳንዱ ሶፍትዌር ነገሩን ያምታታዋል፤ ሎጂክ ፕሮ «ዲስኩ ዘገምተኛ ነው ወይም ሲስተሙ ተጨናንቋል» የሚለውን በአንድ መልእክት ጠቅልሎ ያወጣል፣ ሰዉም የመጀመሪያውን ግማሽ አንብቦ ወደ ዲስክ ሱቅ ይሮጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ፕለጊኖቹን በሙሉ አጥፍታችሁ መልእክቱ ከጠፋ፣ ዲስክ የምትገዙበትን ብር ኪሳችሁ አስቀምጡት።

መብራት ሲሄድ

እኛ አገር ዲስክ ሲመረጥ ይህ ጥያቄ ከፍጥነት ይቀድማል። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል። ባለ 3.5 ኢንቹ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ግን የራሱ አዳፕተር ስላለው በአንድ ቅጽበት ድርግም ይላል፤ እየጻፈ ሳለ። ከኮምፒውተሩ በኬብል ኃይል የሚያገኘው ኤስኤስዲ አብሮ ይተርፋል። በዩኤስቢ ኃይል የሚሠራ የድምፅ ካርድ ካላችሁ ሥራው ራሱ ሳይቋረጥ ሊቀጥል ይችላል። ለኔ ኤስኤስዲ ከሃርድ ዲስክ የሚበልጥበት አንዱ ትልቁ ምክንያት ይህ ነው፤ ካርቶን ላይ ግን ተጽፎ አላየሁትም። በጠረጴዛ ኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ዩፒኤስ ሳይገዛ ስለ ኤንቪኤምኢ አያውራኝ።

ዲስኩ ፎርማት የተደረገበትም መንገድ እዚህ ላይ ይመጣል። ማክና ዊንዶውስ ሁለቱም የሚጽፉበት ኤክስፋት ለማመላለሻ ምቹ ነው፤ ነገር ግን ምን እየጻፈ እንደነበር የሚመዘግብ መዝገብ ስለሌለው ድንገት ሲቋረጥ የመበላሸት ዕድሉ ሰፊ ነው። በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ኤንቲኤፍኤስ ያድርገው፤ በማክ ብቻ የሚሠራ ለኤስኤስዲ ኤፒኤፍኤስ። ፋት32 ያለበትን ፈጽሞ አትንኩ፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

4 ጊጋባይት የተራው ዌቭ ፋይልም ወሰን ነው። አንድ ሞኖ ትራክ በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ አራት ሰዓት አልፎ ነው እዚያ የሚደርስ፤ ስቴሪዮ ከሁለት ሰዓት በላይ። ሁሉንም ትራክ በአንድ ፋይል የሚጠቀልል ሶፍትዌር ግን አለ፤ 32 ትራክ በዚያው ጥራት ስምንት ደቂቃ ሳይሞላ ወሰኑን ይነካል። ረጅም ጉባኤ ወይም የሌሊት ማኅሌት የምትቀርጹ አርኤፍ64 ወይም ደብሊው64 የሚለውን ቅርጸት አስቀድማችሁ ምረጡ። መብራት ጠፍቶ ዜሮ ርዝመት የሚያሳይ ዌቭ ካገኛችሁም ቶሎ አትሰርዙት፤ ብዙ ጊዜ ድምፁ ውስጡ አለ፣ ራስጌው ላይ ርዝመቱ ስላልተጻፈ ነው። በኦዳሲቲ እንደ ጥሬ መረጃ ሲከፈት ይነሳል፤ ቢቱንና ኪሎኸርዙን ማስታወስ ብቻ ነው።

ማን ምን ይግዛ

ቤቱ ውስጥ በሁለት ማይክሮፎን ድምፁንና ክራሩን የሚቀርጽ ሰው አዲስ ዲስክ አያስፈልገውም። ላፕቶፑ ውስጥ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ካለ ያንን በሳታ ኤስኤስዲ ይተካ፤ ኮምፒውተሩ በሙሉ ይታደሳል።

በየቤተ ክርስቲያኑና በየአዳራሹ እንደ ቤህሪንገር ኤክስ32 ባለ ዲጂታል ሚክሰር 32 መስመር የሚቀርጽ ሰው፣ ሚክሰሩ በ48 ኪሎኸርዝ ስለሚሠራ በሰከንድ 4.6 ሜጋባይት፣ በሁለት ሰዓት 33 ጊጋባይት ብቻ ነው የሚጽፈው። ለእሱ 500 ጊጋባይት ወይም 1 ቴራባይት ተንቀሳቃሽ ኤስኤስዲ፣ ከአጭር ደህና ኬብል ጋር። የተረፈውን ብር ለሁለተኛ ዲስክ ያውለው፤ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ከአዳራሹ ሳይወጣ ይገልብጥ።

ሙሉ ባንድ የሚቀርጽ፣ በናሙና የሚያቀናብርና ለፊልም የሚሠራ ስቱዲዮ ኤንቪኤምኢ ይግዛ፤ ለናሙናዎቹ አንድ፣ ለሥራው ሌላ። ሙቀቱን ግን አትርሱት፤ ኤንቪኤምኢ ሲግል ራሱን ያዘገያል፣ ጠባብ የፕላስቲክ ቤት ውስጥ የታጨቀውማ የባሰ።

ለማኅደር ደግሞ ሃርድ ዲስክ ዛሬም ያሸንፋል፤ ለአንድ ቴራባይት የሚከፈለው ገንዘብ ያንሳል። ኤስኤስዲ ያለ ኃይል መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ሲቀመጥ የያዘውን ሊያጣ ይችላል፤ የኢንዱስትሪው መለኪያ ዕድሜውን ከጨረሰ የተራ ተጠቃሚ ኤስኤስዲ የሚጠይቀው በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ዓመት እንዲይዝ ብቻ ነው። ያለቀውን ሥራ በሁለት ሃርድ ዲስክ አስቀምጡ፣ አንዱ ከስቱዲዮው ውጭ ይደር። ብዙዎቻችን ሁለተኛውን የምንገዛው አንደኛው ከሞተ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ስትገዙ

በጣም ርካሽ የሆነ ባለ ብዙ ቴራባይት ተንቀሳቃሽ ዲስክ ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩ። አንድ ጊዜ «2 ቴራባይት» የተባለ ቀለል ያለ ነገር ገዝቼ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ 2 ቴራባይት ይላል፣ ፋይል ይቀበላል፣ ስሙንም ያሳያል። ከ60 ጊጋባይት በኋላ የተጻፈው ግን አንዱም አልተከፈተም። ብፈታው ትንሽ ሰሌዳ ላይ አንድ ሜሞሪ ካርድ ተጣብቋል፤ ክብደት እንዲኖረው ደግሞ አንድ ብረት በማስቲሽ ተለጥፎለታል። ኤችቱቴስትደብሊው በዊንዶውስ፣ ኤፍ3 በማክና በሊኑክስ፣ ዲስኩን በሙሉ ሞልተው መልሰው እያነበቡ ያረጋግጣሉ። ሰዓታት ይወስዳል፤ ሻጩ መልሶ የመቀበያ ጊዜውን ሳይጨርስ አድርጉት። ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ከሆነ በክሪስታልዲስክኢንፎ ጤናውን እዩ፤ የተተኩ ሴክተሮች (ተበላሽተው በሌላ የተተኩ የዲስኩ ክፍሎች) ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነ ለቀረጻ አትመኑት።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ የምታስመጡ ደግሞ «ኤስኤስዲ አምጣልኝ» ብላችሁ አትተዉት፤ የሞዴሉን ቁጥር አንድም ፊደል ሳይቀር ጽፋችሁ ላኩ። በአንድ ፊደል ልዩነት ቲኤልሲው ኪውኤልሲ፣ ሲኤምአሩ ኤስኤምአር ይሆናል።

አዲስ ዲስክ ስገዛ አሁን የማደርገው ይህን ነው። ዲስኩን እስከ አራት አምስተኛው በማይረባ ፋይል እሞላለሁ፣ ግማሹን እሰርዛለሁ። ዘፋኝ ሳይኖር 24 ትራክ ለቀረጻ አዘጋጅቼ፣ ሌላ 24 እያጫወትኩ፣ ሁለት ሰዓት እተወዋለሁ። መሃል ላይ የግድግዳውን መሰኪያ እነቅላለሁ። ከዚያ የያንዳንዱን ፋይል መጨረሻ እየከፈትኩ አያለሁ።

ያንን ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ በዚህ ፈተና አሳልፌው ነበር፤ በአርባኛው ደቂቃ ወደቀ። የሳታው ኤስኤስዲ አለፈ። በገና ደርዳሪው እንደገና የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ወንበራቸው ላይ ሳይቀመጡ ጠረጴዛዬን አየት አደረጉና «ልጄ፣ ዛሬስ ዕቃህ ያዳምጣል?» አሉኝ።